የሱነማዊቷ እርሻ፦ ምዕራፍ 8ን ለምን አንሰብከውም?



አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስለ ሱነማዊቷ ሴት የተሰበከ ስብከት ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ልጅ ያልነበራት ሴት ወንድ ልጅ ታቅፋለች፤ ልጁ ይሞታል፤ ኤልሳዕ በላዩ ተዘርግቶ ይጸልያል፤ ልጁ ይነሣል። በኮንፈረንስ ሰምተነዋል፤ በጾም ጸሎት፣ በሴቶች ኅብረት፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሰምተነዋል። የሞተው ነገራችን እንደሚነሣ ሲነገረን ድምፃችን እስኪዘጋ ድረስ "አሜን" ብለናል። ይህ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ልጠይቅ፤ የዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ስንት ጊዜ ተሰብኮላችኋል?

ምዕራፍ 8 ላይ ያለችው ያችው ሴት ናት። ነቢዩ ራብ እንደሚመጣ ስለነገራት ቤተሰቧን ይዛ በፍልስጥኤማውያን አገር ሰባት ዓመት በስደት ትኖራለች። ስትመለስ ቤቷም እርሻዋም በእጇ የለም። ትንሣኤን በዐይኗ ያየች ሴት መሬት አልባ ሆናለች! ስለዚህ ወደ ንጉሡ ሄዳ ትጮኻለች። በዚያች ሰዓት የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ንጉሡ ፊት ቆሞ የጌታውን ተአምራት እየተረከ ነበር። ሴቲቱን ሲያያት ባለ ታሪኳ እርሷ መሆኗን ይመሰክርላታል። ንጉሡም አንድ ሹም ይመድብላታል፤ ቤቷንና እርሻዋን ብቻ ሳይሆን፣ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ እርሻው ያፈራውን ሁሉ እንዲያስመልስላት ያዛል።

ልብ በሉ፤ የእግዚአብሔር ሥራ ምዕራፍ 4 ላይ አላለቀም። ልጁን ያስነሣ አምላክ ልጁ የሚያርሰውን መሬት ሜዳ ላይ አልጣለውም። በመጀመሪያው ነቢዩ ጸለየ፤ በሁለተኛው የነቢዩ ሎሌ መሰከረ። እኛ ግን የመጀመሪያውን ስብከት አደረግነው፤ ሁለተኛውን "የመንግሥት ጉዳይ ነው" ብለን ተውነው።

ነገሬን ሳልሸፋፍን ልናገር። ከጎረቤቱ መንደር የቆሸሸ ውኃ ሲጠጣ እያየ የማይገደው፣ ውኃውን ቢያወጣም የመበለቲቱ መሬት ሲነጠቅ ዝም የሚል ቤተ ክርስቲያን፣ ወንጌሉን የሰበከው በግማሹ ነው።

ይህን የምጽፈው ወንዛዬን እያሰብኩ ነው። ወንዛዬ በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለች ቦታ ናት። ስሟ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ፍል ውኃዋን ነው። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የታመመ፣ ሐኪም ያልቻለው ሕመም ያለበት ከሩቅ እየመጣ ይታጠብባታል። በእኛ በወንጌል አማኞች መካከል ወንዛዬ ከተነሣች ደግሞ ወሬው ወዲያው ወደ ጠበል ክርክር ይዞራል። ያድናል፣ አያድንም፤ በዚህ ላይ እስኪመሽ የሚከራከር ወንድም ሞልቶናል። ያ ታጥቦ የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲደርስ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚቀዳ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደቡብ ጎንደር ውኃ የሌለው አገር አይደለም። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ደጋውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ በክረምት የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ውኃ ሞልቶ ሳለ የሚጎድለው ንጹሑ ነው። ወንዙ በጎርፍ ይደፈርሳል፤ ያልታጠረ ምንጭ ከብትም ሰውም ይጠጣበታል፤ በበጋ ደግሞ ምንጩ ሲቀጥን ወረፋው ይረዝማል። ሸክሙም የሴቶችና የልጃገረዶች ነው።

በዚህ ላይ ትራኮማ አለ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ደቡብ ጎንደርም ክፉኛ ከተጠቁት ዞኖች መካከል ናት። ካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የትራኮማ መከላከያው አራት ነገር ነው፤ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ መድኃኒት ማደል፣ ፊትን መታጠብ፣ የአካባቢ ንጽሕና። ሁለቱን ሐኪም ይሠራዋል። ፊት መታጠቡና ንጽሕናው ግን ያለ ውኃ አይሆንም። ረጅም መንገድ ተጉዛ አንዲት ጀሪካን ያመጣች እናት ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለቡሆ ታውለዋለች እንጂ ለልጇ ፊት በምን ልታብቃቃው? ዕውራን እንዲያዩ በኮንፈረንስ የምንጸልይ ሰዎች፣ ልጁ ሳይታወር በፊት ፊቱን የሚታጠብበትን ውኃ ማምጣት ከጸሎቱ ያነሰ ነገር መስሎን ይሆን?

ከዚህም የከፋ አለ። በከተማዎቻችን ውኃ በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው፣ "የተጸለየበት ነው" ብለው በብር የሚሸጡ አገልጋዮች ተነሥተዋል። ተሰልፎ የሚገዛውም የእኛው ሰው ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ወንጌል ስም፣ እዚያ ከከብት ጋር ይጠጣል፤ እዚህ ጠርሙስ በተአምር ስም ይቸረቸራል። ጌታ በቤተ መቅደሱ የገለበጠውን ገበታ አስታውሱ።

"ታዲያ ውኃውን እንቆፍርላቸው፤ የመሬቱን ነገር ለምን ታነሣለህ?" የሚል አለ። የማነሣው ሁለቱ ስለማይለያዩ ነው። ምንጭ የሚፈልቀው አየር ላይ አይደለም፤ የአንድ ሰው ማሳ ጥግ ላይ ነው። ምንጩ ሲታጠር ማሳው ይነካል፤ ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ የሌላ ሰው ድንበር ያቋርጣል። ዘፍጥረት 26ን አንብቡ። ይስሐቅ የአባቱን ጉድጓዶች እንደገና ያስቆፍራል፤ ውኃው ሲገኝ የጌራራ እረኞች ውኃው የእኛ ነው ብለው ይጣሉታል። አንዱን ዔሴቅ፣ ሌላውን ስጥና ብሎ ይጠራቸዋል፤ የጠብ ስሞች ናቸው። ጠብ የሌለበት ርኆቦት የተገኘው በሦስተኛው ጉድጓድ ነው። ውኃ ያገኘ ሁሉ ሰላም አላገኘም። የቦታው ጉዳይ በጽሑፍ ያላለቀለት ጉድጓድ ነገ ዔሴቅ ይሆናል።

የካሌብን ልጅ ዓክሳንም አስቧት (ኢያሱ 15)። አባቷ የሰጣት መሬት ደረቅ የደቡብ ምድር ነበር። ከአህያዋ ወርዳ ምንጭ ጨምርልኝ ትለዋለች፤ እርሱም የላይኛውንና የታችኛውን ምንጭ ይሰጣታል። ያቺ ሴት መሬትና ውኃ አንድ ልመና መሆናቸውን ከብዙ የልማት ባለሙያ በፊት አውቃለች። ሰጪው አባቷም "አንቺ ሴት ነሽ፤ ለወንድሞችሽ ተይ" አላላትም።

በእኛስ አገር? የመሬት ታሪካችንን ሁላችን እናውቀዋለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና ሽግሽግ ሲደረግ የተቀነሰበትም የደረሰውም ነበረ፤ ቂሙ እስከ ዛሬ በአንዳንድ ቤት አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ይዞታ መመዝገብ ጀመረ። ለገበሬው የመሬት ደብተር ተሰጠው፤ በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ በአንድነት ተለጠፈ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴት በመሬት ላይ እኩል መብት እንዳላት፣ በአንቀጽ 40 ገበሬ ከመሬቱ እንዳይነቀል ዋስትና እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ ሕጉ አለ። የጎደለው ከሴቲቱ ጋር እስከ ቢሮው የሚሄድ ሰው ነው።

መሬት ከመበለት እጅ እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ፤ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ባሏ ይሞታል። በደጋው ባህል ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ በሬም የላትም። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ውል በቃል ነው፤ አይመዘገብም። አራሹ ዓመት ቆጥሮ ይኸው እኔ አልምቼዋለሁ ማለት ይጀምራል። ደብተሩ አሁንም በሟች ስም ነው፤ ወደ ወራሽ አልዞረም። የባሏ ወንድም ድንበሩን በየክረምቱ በአንድ ትልም ይገፋል። ማንበብ ስለማትችል የቀበሌው ወረቀት ምን እንደሚል የሚነግራት እርሱ ራሱ ከሳሿ ነው። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀምጦ ለሰላም ሲባል ተይለት ይላታል። ምንም ጥይት ሳይተኮስ፣ ምንም ዜና ሳይሆን፣ እርሻዋ ይሄዳል።

ናቡቴም እንዲህ ነው የተነጠቀው። ኤልዛቤል ሌባ አልላከችበትም፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈች፤ ጾም አሳወጀች፤ ሁለት ሐሰተኛ ምስክሮች አስቆመች (1ኛ ነገሥት 21)። ወይኑ የተቀማው በጾም ቀን ነው! በሃይማኖት የተሸፈነ የመሬት ቅሚያ የቆየ ነገር ነው። ኤልያስም በዚያ ጊዜ "እኔ የጸሎት ሰው ነኝ" ብሎ አልተቀመጠም፤ ወደ ወይኑ ቦታ ወርዶ አክዓብን እዚያው አገኘው።

አሁን ወደ እኛው ቤት ልግባ፤ የሚያመውም ይህ ነው። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 5፥11 "ወንድም" እየተባሉ አብረናቸው ማዕድ ልንቆርስ የማይገባን ሰዎች ዝርዝር አለው። ሴሰኛ አለበት፤ ሰካራም አለበት፤ ጣዖት አምላኪ አለበት። ለእነዚህ ቅጣት አለን፤ ከአገልግሎት እናግዳለን፤ ከጌታ እራት እንከለክላለን። በዚያው ቁጥር ላይ ነጣቂም አለ። የእህቱን ድርሻ በልቶ፣ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ፣ እሑድ ጠዋት ጽዋ ያነሣ ወንድም ታግዶ አይታችኋል? አንዲት ልጅ ከጋብቻ በፊት ብትፀንስ ምእመናን ፊት ትቆማለች። ወንድሟ የአባታቸውን መሬት ብቻውን ሲጠቀልለው ግን የቤተሰብ ጉዳይ ይባላል። ለልቅሶ እንሄዳለን፤ መበለቲቱን እናጽናናለን፤ ደብተሯን ግን አናይላትም። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ሙሴ ፊት ቆመው ድርሻቸውን ሲጠይቁ፣ ጥያቄያቸው ትክክል ነው ብሎ የፈረደላቸው እግዚአብሔር ራሱ ነው (ዘኍልቍ 27)። እኛ ከእርሱ በላይ መንፈሳዊ ሆነን ነው ዝም የምንለው?

ደግሞም መሬት ሲነፈገን ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? የማምለኪያ ቦታ ስናጣ፣ ለሙታናችን መቃብር ስንከለከል አቤት ብለናል፤ ፊርማ አሰባስበናል፤ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሰናል። ትክክል ነበርን። ነገር ግን ያን ጩኸት ለራሳችን አጥር ብቻ ካዋልነው፣ ጩኸታችን የጽድቅ ሳይሆን የጥቅም ሆነ ማለት ነው።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ።

"ይህ ማኅበራዊ ወንጌል ነው፤ ምዕራባውያን ያመጡት።" እንግዲያው ታሪካችንን እናንብብ። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ምዕራባውያን ለጋሾች ለልማት ገንዘብ በቀላሉ ሲሰጡ ለስብከት ግን እጃቸው እንደሚታጠፍ ወቀሰች፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ መክፈል የእነርሱ እንጂ የእኛ አስተሳሰብ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። አያችሁ? ከውጭ የመጣው መክፈሉ ነው። እነርሱ በልማቱ በኩል ከፈሉ፤ ዛሬ እኛ በስብከቱ በኩል እንከፍላለን። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። በደማቸው ያተሙትን ትምህርት ባዕድ ብሎ የሚጠራ የታሪኩ ባዕድ ራሱ ነው።

"መሬት ፖለቲካ ነው፤ ያስጠይቀናል።" ይህ ፍርሃት መሠረት ነበረው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናት የልማት ክንፎች ፓምፕ መትከልን እንጂ መብት ማለትን ፈሩ። ነገር ግን ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። ክልከላው ሄዶ ልማዱ ቀረ። በዚያ ላይ ግያዝ ምን አደረገ? ንጉሡን አልሰደበም፤ አመፅ አልጠራም፤ መሬቱንም ለራሱ አልጠየቀም። የሚያውቀውን እውነት ተናገረ። ለአንዲት ሴት እውነትን መመስከር ፖለቲካ ከሆነ፣ ኤልሳዕ ሎሌውን አስቀድሞ ሊያባርረው ይገባ ነበር።

"እንግዲያው ጥሩ ነው፤ በውኃው እናምጣቸው።" ይህኛው ከሌሎቹ ሁሉ ያስፈራኛል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከደቡብ ጎንደር ሕዝብ ከመቶ 96ቱ ኦርቶዶክስ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ እኛ በጣት የምንቆጠር ነን። "በስንዴና በዘይት ሃይማኖት ያስለውጣሉ" የሚለውን ወቀሳ ሁላችን ሰምተነዋል፤ አንዳንዴም እውነት ሆኖብን አንገታችንን ደፍተናል። ቧንቧ ከፍቶ ከጎኑ መመዝገቢያ ማስቀመጥ ወንጌልን በጀሪካን መሸጥ ነው። ጌታ አሥር ለምጻሞችን ፈወሰ፤ አንዱ ብቻ ተመለሰ፤ የዘጠኙን ፈውስ ግን መልሶ አልወሰደም። በሰማርያ ጉድጓድ አጠገብም ቀድሞ ውኃ የለመነው ራሱ ነው። የሌላ እምነት ሰው ከሆነች ሴት እጅ ውኃ ሊጠጣ ያላፈረ ጌታ አለን፤ እኛ ለሌላ እምነት ሰው ውኃ ስንሰጥ ደረሰኝ እንጠይቃለን? በአገራችን አንድ ሰው "የወንዜ ልጅ" የሚባለው አንድ ውኃ ስለጠጣን ነው እንጂ አንድ መዝሙር ስለዘመርን አይደለም።

እዚህ ላይ እምነት እየፈለግህ፣ እየመረመርህ ያለኸው ወንድሜ፣ እህቴም፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ውኃ ሰጥቶ ስማችሁን የሚጠይቅ አገልጋይ ካጋጠማችሁ፣ ክርስቶስን በእርሱ አትመዝኑት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

አንደኛ፣ የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር አጥቢያዎች የውኃ ሥራ ሲደግፉ፣ አካፋ ከመነሣቱ በፊት የምንጩ ቦታ ጉዳይ በጽሑፍ ይለቅ። ማሳው የሚነካበት ገበሬ ይስማማ፤ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ፊት ይጻፍ፤ በወረዳው ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡንና ሥልጣኑን ለመንደሩ ስጡ። በዚሁ ክልል በፊንላንድ መንግሥት በተደገፈው የገጠር ውኃ ፕሮግራም፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ይሰጥ ነበር። ዕቃ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ሒሳብ የሚያወራርደው ኮሚቴው ነው። የመንደር ሰው ይህን ይችላል። ኮሚቴው ውስጥ ቄሱም፣ ሼኩም፣ ውኃ የምትቀዳዋ ሴትም ይግቡ። የእኛን ስም የያዘ ሰሌዳ አያስፈልግም። ይልቅ ከምርቃት ድግሱ ላይ ቀንሳችሁ ለመለዋወጫ ገንዘብ አስቀምጡ፤ አንዲት ጎማ አልቃ ፓምፑ ቢቆም፣ ሰሌዳው የእኛን ውርደት ይናገራል እንጂ የጌታን ክብር አይናገርም።

ሦስተኛ፣ በየአጥቢያው ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሁለት ታማኝ ሰዎች ይመረጡ። ሥራቸው መበለቶችንና አሮጊቶችን፣ የእኛ ምእመን ሆኑም አልሆኑም፣ "እማማ፣ ደብተርዎ በማን ስም ነው?" ብሎ መጠየቅ፣ የእኩል ውላቸውን መጻፍ፣ ወረዳ ድረስ አብሮ መሄድ ይሁን። ይህ የግያዝ አገልግሎት ነው። መድረክ የለውም፤ ሳውንድ ሲስተም አይፈልግም።

አራተኛ፣ ነጣቂን ከጌታ እራት አግዱ፤ የነጠቀውን ሲመልስ ተቀበሉት። ዘኬዎስ አራት እጥፍ መልሷል።

የደብረ ታቦር ሰዎች ጋፋትን ያውቋታል። ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ ፕሮቴስታንት የእጅ ባለሙያዎች በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚያ ሰፍረው ነበር። ወንጌል ይዘው መጡ፤ ንጉሡ ግን መድፍ ጠየቃቸው፤ ሴባስቶፖልን ሠሩለት። መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትታ ወጣች። ዛሬ የአገሩ ሰው ከእነርሱ ሥራ የሚያስታውሰው ያችን መድፍ ነው። በእነዚያ ሰዎች አልፈርድም፤ የዘመናቸው ግፊት ነበረባቸው። ግን እጠይቃለሁ፤ ሰላም በራቀበት በዚህ ዘመን፣ በዚያው ምድር የእኛ እጅ በምን ይታወስ?

የከተማዋ ስም ራሱ ይሰብከናል። በትውፊት ጌታ የተለወጠበት ተራራ ታቦር ነው። ጴጥሮስ በዚያ ክብር መካከል ሦስት ዳስ ሠርቶ መቅረት ፈለገ። ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ፤ ከታችም አንድ የታመመ ልጅና የሚያለቅስ አባት ጠበቁት። እኛ ዳሱን ሠርተናል፤ ማይክሮፎንም ተክለናል። ከተራራው ግርጌ ግን ጀሪካን ይዛ የተሰለፈች ልጅና ደብተሯን በመቀነቷ ቋጥራ የተቀመጠች መበለት አሉ። ጌታችን ቀድሞን ወርዷል።

ጌታ ሆይ፣ ዝምታችንን ይቅር በለን። የጸለይንላትን ሴት እርሻዋ ድረስ የምንሸኝበትን ድፍረት ስጠን። አሜን።